የተራው መስመር

በሶማሌ ተራ ከየመኪናው የተፈታታው ዕቃ ተደርድሮ ባየሁ ቁጥር ትዝ የሚለኝ የኤልያስ ስሜ ሥራ ነው። ጣሊያን በወረራው ዘመን (1928–1933 ዓ.ም.) አገሬውን ከነጩ ለመለየት ሲል ገበያውን ከአራዳ ጊዮርጊስ አንስቶ ወደ አዲስ ከተማ ወሰደው፤ ቦታውንም በቀጥታ መስመር ሸነሸነው። ነጋዴው ግን መስመሩን በየሸቀጡ ከፋፍሎ፣ «ተራ» ብሎ የራሱ አደረገው። ኤልያስ በ1982 ዓ.ም. ከሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተመርቆ በክርና በልብስ ቁልፍ ሲሠራ ቆየ፤ ኋላም ከመርካቶ የገዛውን አሮጌ የኤሌክትሪክ ሽቦ እንደ ሹሩባ እየጎነጎነ በጣውላ ላይ ደረደረ። ከሩቅ ላየው ከአውሮፕላን የታየ ከተማ ይመስላል። መርካቶን የቀየሰው ባዕድ ቢሆንም፣ መልኳን የሰጣት የባለእጁና የነጋዴው ድርደራ መሆኑን ከዚህ ሥራ በላይ ያሳየኝ የለም።