የውኃ ዳር ዕፅዋት ጥበቃና ዘላቂ የቱሪዝም ልማት፦ ከባሕር ሣር እስከ ጣና ደንገልና ላፍቶ ወንዝ ዳር

የውኃ ዳርቻዎች የቱሪስት መስህብ ከሆኑ የተፈጥሮ ሀብቶች መካከል በቀዳሚነት የሚጠቀሱ ናቸው፡፡ ይሁንና ለመዝናኛና ለሆቴል ግንባታ ሲባል በቅድሚያ የሚመነጠረው በውኃው ዳር የሚበቅለው ዕፅዋት በመሆኑ፣ ልማቱ የተመሠረተበትን ሀብት መልሶ የሚያጠፋበት ሁኔታ በበርካታ አገሮች ታይቷል፡፡

ለዚህ ጥሩ ማሳያ የሚሆነው የባሕር ሣር ነው፡፡ የባሕር ሣር ጥልቀት በሌለው የባሕር ጠረፍ የሚበቅል፣ ሥርና ቅጠል ያለው፣ አበባም የሚያወጣ ተክል ነው፡፡ ለዓሦች መራቢያና መጠለያ ይሆናል፤ ደለል ይይዛል፤ የማዕበልን ጉልበት ያበርዳል፤ ካርቦንም አምቆ ያስቀራል፡፡ እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ ዓለም አቀፍ ጥናት እንዳመለከተው፣ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ወዲህ ከተመዘገበው የባሕር ሣር ስፋት 29 በመቶ የሚሆነው ጠፍቷል፡፡ ለጥፋቱ ከተጠቀሱት ምክንያቶች መካከል የጠረፍ ግንባታና የውኃ ጥራት መጓደል ይገኙበታል፡፡ የስፔን ባሌሪክ ደሴቶች አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ድንጋጌ ጀልባዎች በባሕር ሣር ላይ መልሕቅ እንዳይጥሉ ከልክሏል፡፡ ደሴቶቹ በቱሪዝም ገቢ የሚተዳደሩ እንደመሆናቸው፣ ክልከላው ገቢውን ለመጠበቅ እንጂ ለመቀነስ የተወሰደ እርምጃ አይደለም፡፡

ኢትዮጵያ የባሕር ጠረፍ ባይኖራትም ተመሳሳይ ጥያቄ በሐይቆቿና በወንዞቿ ዳር ይነሳል፡፡ በዚህ ረገድ ጣና ሐይቅ ዋነኛው ነው፡፡ 3 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው ይህ ሐይቅ ጥልቅ በሚባለው ሥፍራ እንኳ ከ14 ሜትር ያልበለጠ በመሆኑ የዳርቻው ዕፅዋት ለሐይቁ ሕልውና ከፍተኛ ድርሻ አላቸው፡፡ ግልገል ዓባይ፣ ርብ፣ ጉማራና መገጭ ወንዞች ይዘውት የሚመጡትን አፈር ደንገልና ሌሎች የረግረግ ዕፅዋት ያጣራሉ፡፡ ቆሮሶን የመሰሉ ዓሦች በዳርቻው ይራባሉ፡፡ ደንገል የታንኳ መሥሪያም ነው፡፡ የክብራን ገብርኤልን፣ የዳጋ እስጢፋኖስንና የናርጋ ሥላሴን ገዳማት ለመጎብኘት የሚመጣ እንግዳ ታንኳውንና ደንገሉን የጉብኝቱ አካል አድርጎ ይመለከታል፡፡

የጣና አካባቢ በሰኔ ወር 2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ በባዮስፌር ሪዘርቭነት ተመዝግቧል፡፡ ወደ 700 ሺህ ሄክታር የሚጠጋው ይህ ክልል በጥብቅ ቀጣና፣ በመከለያ ቀጣናና በሽግግር ቀጣና የተከፈለ ነው፡፡ በመጀመሪያው ቀጣና ጥበቃ ቅድሚያ ያገኛል፤ በሁለተኛው ከጥበቃው ጋር የሚጣጣም ተግባር ይፈቀዳል፤ በሦስተኛው ደግሞ ዘላቂ ልማት ይካሄዳል፡፡ አከፋፈሉ የትኛው ግንባታ በየትኛው ሥፍራ ሊከናወን እንደሚገባ ለሚወስን አካል መመሪያ የሚሆን ነው፡፡

በሌላ በኩል የዳርቻው ረግረግ በባሕር ሸሽ እርሻ፣ በልቅ ግጦሽ፣ ከመጠን ባለፈ የደንገል አጨዳና በግንባታ ሳቢያ ተጎድቷል፡፡ በሐይቁ ላይ እ.ኤ.አ. በ2011 የታየው እምቦጭ ችግሩን አባብሶታል፡፡ አረሙ በፍሳሽና በአፈር አማካይነት ወደ ውኃው በሚገባ ንጥረ ነገር የሚፋፋ ሲሆን፣ በ2013 ዓ.ም. ሕዝቡን ያሳተፈ ሰፊ የነቀላ ዘመቻ ተካሂዷል፡፡ አረሙን መንቀል አስፈላጊ ቢሆንም ንጥረ ነገሩን የሚያጣራው የዳርቻ ዕፅዋት ካልተመለሰ ሥራው በየዓመቱ የሚደጋገም ይሆናል፡፡

ጉዳዩ የሐይቅ ዳር ከተሞችን ብቻ የሚመለከት አይደለም፡፡ በአዲስ አበባ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ የሚያልፈው ትንሹ አቃቂ ወንዝ ከትልቁ አቃቂ ጋር በአባ ሳሙኤል ግድብ ተገናኝቶ ወደ አዋሽ ይፈስሳል፡፡ አዋሽም ወደ ቆቃ ይወርዳል፡፡ እምቦጭ በኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ እ.ኤ.አ. በ1965 የተመዘገበው በቆቃና በአዋሽ መሆኑ፣ የአባ ሳሙኤል ሐይቅም በዚሁ አረም መጠቃቱ ይታወቃል፡፡ በመሆኑም በላፍቶ የወንዝ ዳር ሣርና ዛፍ ተመንጥሮ የፍሳሽ ቱቦ ወደ ወንዙ ሲለቀቅ ጉዳቱ በታችኛው ተፋሰስ በሚኖረው ገበሬና ዓሣ አስጋሪ ላይ ይደርሳል፡፡ በ2011 ዓ.ም. ይፋ የሆነው ሸገርን የማስዋብ ፕሮጀክት 56 ኪሎ ሜትር የወንዝ ዳርቻን ለመዝናኛና ለአረንጓዴ ልማት ለማዋል ያቀደ በመሆኑ ጥያቄውን በከተማይቱ መሐል አምጥቶታል፡፡ የወንዝ ዳር መናፈሻ ውበቱ የሚዘልቀው ወንዙ ራሱ ንጹሕ ሲሆን ብቻ ነው፡፡

የሕግ መሠረቱ አስቀድሞ የተጣለ ነው፡፡ የኢፌዴሪ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብትን ደንግጓል፡፡ በአንቀጽ 92 ደግሞ የልማት ፕሮግራሞች አካባቢን የሚጎዱ መሆን እንደሌለባቸውና ሕዝቡም በሚመለከተው ጉዳይ ሐሳቡን መስጠት እንደሚገባው ተመልክቷል፡፡ በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 ግምገማው ከፕሮጀክቱ አፈጻጸም አስቀድሞ እንዲካሄድ የሚያዝ ነበር፡፡

ከዚህ በመነሳት በየደረጃው የሚገኙ ኃላፊዎችና ባለሙያዎች የውኃ ዳር ቦታ ለቱሪዝም ሲጠየቅ ሊያረጋግጧቸው የሚገቡ ነጥቦች አሉ፡፡ በቅድሚያ የውኃው ከፍተኛ የክረምት ወሰን በመሬት ላይ ተለይቶ ሊከለል ይገባል፤ በበጋ የሚታየው ደረቅ መሬት የሐይቁ ወይም የወንዙ አካል ነውና፡፡ ፍሳሽ የሚጣራበት ሥርዓት ግንባታው አገልግሎት ከመጀመሩ በፊት መጠናቀቅ አለበት፡፡ የጀልባ ማረፊያዎች ተበታትነው ዳርቻውን እንዳያራቁቱ በጋራ በተወሰኑ ሥፍራዎች ቢሠሩ ይመረጣል፡፡ ከሁሉም በላይ ደንገል አጭዶ፣ ከብት አሰማርቶ ወይም ዓሣ አስግሮ የሚኖረው ነዋሪ ከቱሪዝሙ ገቢ ተጠቃሚ ሊሆን ይገባል፡፡ ተጠቃሚ ያልሆነ ነዋሪ ጥበቃውን እንደ ክልከላ ብቻ ይመለከተዋል፡፡

የተመነጠረ ረግረግ በአጭር ጊዜ ወደ ነበረበት የሚመለስ አይደለም፡፡ የአንድ ቦታ ፈቃድ ግን በአንድ ፊርማ ይሰጣል፡፡ ስለሆነም የውኃ ዳር ዕፅዋትን የቱሪዝም ልማቱ እንቅፋት ሳይሆን መሠረቱ አድርጎ ማየትና ውሳኔዎችን በዚሁ አግባብ መስጠት ከሚመለከታቸው አካላት ሁሉ የሚጠበቅ ይሆናል፡፡