ብቅልና እሳት በጎንደር

ጎንደር በ1636 እ.ኤ.አ. በዐፄ ፋሲለደስ ዘመን መናገሻ ከሆነች ወዲህ፣ በየደብሩ የሚደገሰው ዝክርና በየወሩ የሚዞረው የማኅበር ጽዋ ያለ ጠላ የሚታሰብ ስላልነበረ፣ የከተማይቱን ታሪክ በነገሥታቱ ግንብና በሊቃውንቱ ጉባኤ ብቻ ወስኖ የሚጽፍ ሰው፣ በጓዳ ሲወራረስ የኖረውን የእናቶች ባልትና ሳያየው ያልፋል። በ1770 እ.ኤ.አ. ጎንደር የገባው ስኮትላንዳዊው መንገደኛ ጄምስ ብሩስ እንኳ፣ ከሃያ ዓመት በኋላ ባሳተመው መጽሐፉ፣ የነገሥታቱን ዜና እየተረከ ከጤፍ ዳቦ ስለሚጠመቀው መጠጥም ሳይጽፍ አላለፈም።

ከወገራና ከዳባት ደጋ የሚወርደው ገብስ በውኃ ተዘፍዝፎ፣ በቅጠል ተሸፍኖ ካቆጠቆጠ በኋላ በፀሐይ ደርቆ ሲፈጭ ብቅል ይባላል። ይህ ብቅል ከተወቀጠ ጌሾ ጋር፣ በወይራ ጢስ በታጠነ ጋን ውስጥ ተጠንስሶ ከሰነበተ በኋላ፣ ቂጣው ተቆራርሶ፣ በምጣድ የታመሰው እንኩሮም በርዶ ይጨመርበትና ድፍድፍ ይሆናል። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው የእሳቱ ሥርዓት ነው፤ ቂጣውና እንኩሮው በእሳት ሲያልፉ ብቅሉ እሳት ሳይነካው ይገባል፣ እንኩሮውም ትኩስነቱ ሳይወጣለት ወደ ጋኑ አይወርድም።

የዚህ ሥርዓት ምሥጢር በሳይንስ የተገለጸው ዘግይቶ ነው። ፓየን እና ፔርሶ የተባሉ ሁለት ፈረንሳውያን በ1833 እ.ኤ.አ. የእህልን ስታርች ወደ ስኳር የሚለውጠውን ረቂቅ ነገር ከብቅል ለይተው አወጡ፤ ዛሬ ኢንዛይም የምንለው የዚህ ዓይነቱን ነገር ነው። እሳት የእህሉን ስታርች አላልቶ ለኢንዛይሙ ሲያመቻች፣ ኢንዛይሙን ራሱን ግን ያጠፋዋል። ስለዚህ የፋብሪካ ጠማቂ ብቅሉን ከ60 እስከ 70 ዲግሪ ገደማ በሆነ ሙቅ ውኃ ውስጥ በመለኪያ እየጠበቀ ያቆየዋል፤ በ2000 እ.ኤ.አ. የዳሸን ቢራ ፋብሪካ በጎንደር ሲቋቋም፣ በከተማይቱ ጓዳ በእጅና በልማድ ይሠራበት የነበረው ጥበብ በብረት ጋንና በቴርሞሜትር ተመለሰ ማለት ይቻላል።

ሆኖም የብቅል ኃይል በፍሬው ላይ እንጂ በገለባውና በአገዳው ላይ አይሠለጥንም፤ እነዚህን የሚያፈርሱት ሴሉሌዝና ዛይላኔዝ የተባሉ ሌሎች ኢንዛይሞች ናቸው። ገለባን ለነዳጅ ወይም ለወረቀት ለማዘጋጀት ሙቀት የግድ ይላል፤ ሙቀት ሥራውን ያፋጥናል፣ የማይፈለጉ ረቂቃን ነፍሳትንም ይከላከላል። ከዚህ የተነሣ ሊቃውንቱ እሳትን የሚታገሥ ኢንዛይም ይሻሉ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩት ፕሮፌሰር አማረ ገሠሠ፣ አልካሊ ከሚወድ ባክቴሪያ ያገኟቸውንና በ60 ዲግሪና ከዚያ በላይ በሆነ ሙቀት የሚሠሩትን ሁለት ዛይላኔዞች በ1998 እ.ኤ.አ. ለዓለም አስታወቁ። በተፈጥሮ የተገኘው ሳይበቃ ሲቀር ደግሞ፣ ኢንዛይምን ደጋግሞ እየለወጡ የተሻለውን የመምረጥ ዘዴ ተፈጠረ፤ አሜሪካዊቱ ፍራንሲስ አርኖልድም በዚህ ሥራዋ በ2018 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ተካፋይ ሆናለች።

እንግዲህ የጎንደር እናቶች ኢንዛይሙ እሳትን እንዳይነካ ሥርዓት ሠሩለት፤ የዛሬዎቹ መሐንዲሶች ኢንዛይሙ ራሱ እሳትን እንዲችል ይለውጡታል፤ የሁለቱም ድካም ያንኑ አንድ ችግር ለመፍታት ነው። በ1954 እ.ኤ.አ. በጤና ኮሌጅነት የተመሠረተው የጎንደር ዩኒቨርሲቲም፣ ይህን ባልትና ከሚያውቁት አረጋውያን አፍ ሰምቶ በመዝገብ ቢያኖር፣ በጋኑና በደጋው የገለባ ክምር ውስጥ የሚኖሩትንም ረቂቃን ነፍሳት ቢመረምር፣ ለአገር የሚተርፍ ሥራ ይሆናል፤ ያልተጻፈ ጥበብ ከባለቤቱ ጋር ይቀበራልና።