ከመሮጥ ማንጋጠጥ፦ አነስተኛ አይሮፕላንና የጎጃም የክረምት ሰማይ

በጎጃም ባላገር ዘንድ የቆየ አንድ የመንገደኛ ሥርዓት አለ። በክረምት ወራት ተምጫ ወይም ላህ ሞልቶ መሻገሪያው ሲጠፋ መንገደኛው ጭነቱን ያራግፋል፤ በቅሎውን ሣር ያስግጣል፤ ከወንዙ ዳር ተቀምጦም ውኃው እስኪጎድል ይጠብቃል። በማዶ የሚጠብቀው ሠርግም ይሁን ለቅሶ፣ በመጠበቁ ፈሪ የሚለው የለም። ስሙ የሚነሣው ደፍሮ የገባው ነው፤ እርሱም የሚነሣው አብዛኛውን ጊዜ በለቅሶ ነው። ይህ ጽሑፍ በአነስተኛ አይሮፕላን አገር አቋርጦ መጓዝ በአገራችን እንዴት እንደ ተጀመረ፣ ከክረምቱ ሰማይ ጋር እንዴት እንደ ተፈታተነና ያ የወንዝ ዳር ሥርዓት ለበረራ ሙያ ምን እንደሚያስተምር ባጭሩ ለማመልከት የተዘጋጀ ነው። ዘመኑ፣ «እ.ኤ.አ.» ተብሎ ካልተለየ በቀር፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተጻፈ ነው።

በአገራችን የበረራ ታሪክ የተከፈተው በክረምት መሆኑ ልብ ሊባል ይገባዋል። ፈረንሳዊው አብራሪ አንድሬ ማዬ ፖቴዝ 25 የተባለውን አይሮፕላን ይዞ አዲስ አበባ የደረሰው ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ነበር። ጥቂት ወራት አልፈው፣ በመጋቢት 1922 ዓ.ም. በአንቺም ጦርነት ጊዜ፣ አይሮፕላን በራስ ጉግሣ ወሌ ሠራዊት ላይ አዋጅ የተጻፈበትን ወረቀትና ቦምብ ጣለ። እ.ኤ.አ. በ1930 ደግሞ ሚሽካ ባቢቼፍና አስፋው ዓሊ በአብራሪነት ሠልጥነው ከአገር ተወላጆች የመጀመሪያዎቹ ለመሆን በቁ። በዚያን ዘመን የአየር ጠባይ ትንበያ የሚሰጥ መሥሪያ ቤት በአገሩ አልነበረም። የአብራሪው መመሪያ ኮምፓሱ፣ ሰዓቱና ዐይኑ ነበሩ። ከሦስቱም ዋነኛው ዐይኑ ነበረ፤ ደመና የሚነጥቀውም ይህንኑ ነው።

ስለ ሰማዩ ከማውሳታችን በፊት ምድሩን እንመልከት። ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር በአነስተኛ አይሮፕላን የሚጓዝ ሰው የሚነሣው ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ካለ ሜዳ ነው። በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ በመሆኑ፣ አየር መጭመቂያ ያልተገጠመለት ሞተር በባሕር ጠረፍ ከሚሰጠው ጉልበት ሩብ ያህሉን ያጣል። አይሮፕላኑ ከመሬት ለመላቀቅ ረዘም ያለ ሜዳ ይሻል፤ ሽቅብ ለመውጣትም ይዘገያል። ከዚያ በኋላ ከአፋፉ እስከ ወንዙ ከ1,000 ሜትር በላይ የሚወርደው የዓባይ ሸለቆ ይጠብቀዋል። ደብረ ማርቆስን ካለፈ በኋላ በስተ ቀኙ ከ4,000 ሜትር በላይ የሚደርሰው የጮቄ ተራራ ይቆማል፤ በስተ ግራው ምድሩ ወደ ዓባይ በረሃ ያዘቀዝቃል። ስለዚህ ዐይኑን አምኖ የሚበርር ሁሉ ዋናውን መንገድ ከታቹ አድርጎ በደምበጫ፣ በጅጋ፣ በፍኖተ ሰላም፣ በማንኩሳና በቡሬ በኩል ወደ እንጅባራ ያቀናል። መንገዱ በግልጽ የሚታይ፣ ሜዳውም ሰፊ በመሆኑ ለአብራሪው እንደ ወዳጅ ነው።

ይሁን እንጂ በዚህ ወዳጅ መንገድ ላይ አንድ የተሠወረ ነገር አለ። ፍኖተ ሰላም ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,900 ሜትር ያህል፣ ቡሬ ወደ 2,100 ሜትር ያህል፣ እንጅባራ ደግሞ ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ አላቸው። በአንድ የሐምሌ ረፋድ በፍኖተ ሰላም ላይ የሚያልፍ አብራሪ የደመናውን ሆድ ከመሬት 500 ሜትር ከፍ ብሎ ቢያየው፣ ከሥሩ ተመችቶት ይበርራል። ደመናው ግን ከባሕር ወለል ሲለካ 2,400 ሜትር ላይ ነው ማለት ነው። ቡሬ ሲደርስ በደመናውና በምድሩ መካከል የሚቀረው 300 ሜትር ነው። ከቡሬ አልፎ ሽቅብ ሲያቀና ደግሞ፣ እንጅባራ ሳይደርስ ደመናውና ምድሩ ይገናኛሉ። በሰዓት 180 ኪሎ ሜትር የሚሄድ አይሮፕላን በየደቂቃው ሦስት ኪሎ ሜትር ስለሚያልፍ፣ ይህ ሁሉ የሚሆነው በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ነው። የአየሩ ጠባይ ምንም አልተለወጠም፤ ደመናውም ዝቅ አላለም፤ ከፍ ያለው ምድሩ ነው። በደጋ አገር ብዙ አብራሪዎችን ያሳሳተው ይህን የመሰለው እንጂ የሚያስገመግመው ነጎድጓድ ብቻ አይደለም፤ ነጎድጓዱማ ከሩቅ ስለሚሰማና ስለሚታይ ያስጠነቅቃል።

የክረምቱ ደመና የሚመጣበት ምክንያት የታወቀ ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም ከደቡብ ምዕራብ የሚነፍሰው እርጥብ አየር ከደጋው ግንባር ጋር ሲጋጠም ሽቅብ ይገፋል፤ ሲወጣ ይቀዘቅዛል፤ ሲቀዘቅዝም ደመና ይሆናል። ጧት ጭጋጉ በሸለቆው ውስጥ ይተኛል። ፀሐይ ስትበረታ ይገፈፍና ለጥቂት ሰዓት ብራ ይሆናል። ከቀትር በኋላ ግን ደመናው እንደ ካብ ተቆልሎ መብረቅና በረዶ ያወርዳል። በመሆኑም በአነስተኛ አይሮፕላን ለሚጓዝ ሰው የክረምት ቀን በጭጋጉና በነጎድጓዱ መካከል ያለች አጭር ፋታ ናት። ያችን ፋታ ያሳለፈ ሰው ቀኑን እንዳሳለፈ መቍጠር ይኖርበታል።

በወረራው ዘመን ይኸው ደመና ለአርበኛው ጋሻ ሆኖት ነበር። የጠላት አይሮፕላን ከላይ ሆኖ ሰፈሩን ሊያይና ቦምብ ሊጥል የሚችለው ሰማዩ ሲገለጥ ነውና፣ ለበራሪው ጠንቅ የሆነው ጭጋግ ለእግረኛው መሸሸጊያው ነበረ። የጎጃምን አርበኞች ከውጭው ርዳታ ጋር እንዲያገናኝ የተላከው «ሚሽን 101» የተባለው ጓድ፣ በኮሎኔል ሳንፎርድ መሪነት ከሱዳን ወሰኑን ተሻግሮ የገባው ነሐሴ 6 ቀን 1932 ዓ.ም.፣ በክረምቱ እኩሌታ፣ በእግርና በጭነት ከብት ነበር። የንጉሠ ነገሥቱ እንደራሴ ሆነው አዛዥ ከበደ ተሰማ በዚህ ተግባር ተካፋይ ነበሩ። ዊንጌት ከሳንፎርድ ጋር ለመመካከር በአይሮፕላን ሰከላ ያረፈው ደግሞ ኅዳር 11 ቀን 1933 ዓ.ም.፣ በኅዳር ሚካኤል ዋዜማ፣ ክረምቱ አልፎ ሰማዩ ከጠራ በኋላ ነው። ሰከላ የግሼ ዓባይ አገር ናት፤ ከቡሬና ከፍኖተ ሰላም በስተ ሰሜን ባለው ደጋ ላይ ትገኛለች። በጠላት በተያዘ አገር፣ በተራሮች መካከል በሚገኝ ሜዳ ላይ ማረፍና ከዚያም ተነሥቶ መመለስ ቀላል ሥራ አልነበረም። ሆኖም እግር በነሐሴ የገባበትን አገር ክንፍ የገባበት በኅዳር መሆኑን ቀኖቹ ራሳቸው ይናገራሉ።

ከነጻነት በኋላ ሁኔታው ተለወጠ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በ1946 በረራ ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ1951 ደግሞ በሲቪል አቪዬሽን ሥር አንድ አነስተኛ የሚቲዎሮሎጂ ክፍል ተቋቋመ፤ ይህም ክፍል አድጎ በ1973 ዓ.ም. ራሱን የቻለ መሥሪያ ቤት ሆነ። ገበሬው ዛሬ በሬድዮ የሚሰማው የዝናብ ትንበያ መሠረቱ ለበረራ ተብሎ የተጀመረው ያ ክፍል ነው። ሰማዩን በየሰዓቱ ተመልክተው የሚመዘግቡ ባልደረቦቻችን ሥራቸው ለአብራሪው ብቻ ሳይሆን ለአራሹም የተረፈ መሆኑን በዚህ አጋጣሚ ማስታወስ ይገባል።

በጎጃም ሰማይ ላይ ክረምትንና አነስተኛ አይሮፕላንን ፊት ለፊት ያጋጠመው ሌላው ታሪክ እ.ኤ.አ. በ1968 በካፒቴን ጆን ብላሽፎርድ ስኔል መሪነት የተደረገው የዓባይ ሸለቆ ጉዞ ነው። ተጓዦቹ የወጡት በነሐሴና በመስከረም ሲሆን፣ ጀልባዎቻቸው በድንጋዮቹ ላይ እንዲያልፉ የወንዙ መሙላት ያስፈልጋቸው ነበር። ከሰማይ የሚያግዛቸው ደግሞ ቢቨር የተባለ ባለ አንድ ሞተር የእንግሊዝ ጦር አይሮፕላን ሲሆን፣ መደቡም ደብረ ማርቆስ ነበረ። እንግዲህ ለጀልባው የሚፈለገውን ውኃ የሚያመጣው ዝናብ ለአይሮፕላኑ የማይፈለገውን ደመና ያመጣል ማለት ነው። ከዚህ የምንማረው፣ በክረምት ሰማይ ውስጥ ሥራ ሊሠራ የሚቻለው ደመናው የሚገለጥበትን ሰዓት ጠብቆና ሲዘጋ መመለስን ከወዲሁ አስቦ መሆኑን ነው።

መመለስ ለምን ከሁሉ እንደሚበልጥ በቍጥር ያሳየ አንድ ምርምር አለ። እ.ኤ.አ. በ1954 በአሜሪካ የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ፣ በመሣሪያ መብረርን ያልተማሩ 20 ሰዎች ውጭውን እንዳያዩ ተደርገው ልክ ደመና ውስጥ እንደ ገቡ ያህል እንዲበርሩ ተደረገ። ሃያዎቹም አይሮፕላኑን መቈጣጠር ተሳናቸው፤ ይህም የሆነው በአማካይ በ178 ሴኮንድ፣ ማለትም ሦስት ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ነበር። ምክንያቱ የሰው ሚዛን ያለው በውስጠኛው ጆሮው መሆኑ ነው። አይሮፕላኑ ቀስ እያለ ዞሮ በዚያው ሲቀጥል በጆሮው ውስጥ ያለው ፈሳሽ ይረጋል፤ ሰውዬውም ቀጥ ብሎ የሚሄድ ይመስለዋል። በእርግጥ ቀጥ ሲያደርገው ደግሞ ወደ ሌላው ወገን የዞረ ይመስለውና መልሶ ያዘነብለዋል። አድማስ በማይታይበት ጊዜ የገዛ ሥጋችን ይዋሸናል ማለት ነው። የምርምሩ ዓላማ ግን ማስፈራራት አልነበረም። ለእነዚሁ ሰዎች በዝግታ ፊትን አዙሮ በመጡበት የመመለስ ልምምድ ተሰጣቸው፤ ከሠለጠኑ በኋላም ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ ተሳካላቸው። መመለስ እንደ ማንኛውም የእጅ ሥራ የሚጠና ጥበብ ነው ማለት ነው።

ይህን ሁሉ እያወቅን የማንረሳው ኀዘን አለ። ነሐሴ 1 ቀን 1981 ዓ.ም.፣ የአሜሪካ ምክር ቤት አባልና የረኀብ ጉዳይ ልዩ ኮሚቴው ሊቀ መንበር የነበሩት ሚኪ ሌላንድ በፉኝዶ የሚገኘውን የስደተኞች ሰፈር ለመጎብኘት ትዊን ኦተር በተባለ ባለ ሁለት ሞተር አይሮፕላን ከአዲስ አበባ ተነሡ። ቀኑ ደመናማ፣ የአየሩም ጠባይ ክፉ ነበር። አይሮፕላኑ በምዕራብ ኢትዮጵያ ተራራማ ምድር ላይ ወድቆ ስብርባሪው የተገኘው ከስድስት ቀን ፍለጋ በኋላ ነው። 9 አሜሪካውያንና 7 ኢትዮጵያውያን፣ በጠቅላላው 16 ሰዎች አለቁ። የሄዱበት ጉዳይ የተራበን የማብላትና የተሰደደን የመጎብኘት ነበር። ከዚህ የከበረ ጉዳይ የለም፤ ነገር ግን ደመና የጉዳይን ክብር አይቶ አይገለጥም። በማን ላይ መፍረድ የዚህ ጽሑፍ ዓላማ አይደለም። ልናስተውለው የሚገባን ጉዞው ይበልጥ ያማረና ይበልጥ የሚያስቸኩል በሆነ መጠን «ዛሬስ አልሄድም» ማለት ይበልጥ የሚከብድ መሆኑን ነው። ይህ ክብደት የሚያርፈው በአብራሪው ጫንቃ ላይ ብቻ አይደለም፤ በሚልከው አለቃ፣ በሚቸኩለው መንገደኛና በሚጠብቀው ባለ ጉዳይ ላይም ጭምር ነው።

ዛሬ ሳተላይት ደመናውን ከላይ ያሳየናል፤ ያለንበትን ቦታ በጥቂት ሜትሮች ልዩነት የሚነግር መሣሪያም በኪስ ይያዛል። መሣሪያው የትኛው ተራራ የት እንዳለ ያመለክታል፤ ተራራውን ዝቅ አያደርግም። እንዲያውም መንገዱን አውቃለሁ የሚለው ሰው ከማያውቀው ይልቅ ወደ ደመናው ገፍቶ ይገባ ዘንድ ይፈተናል። አባቶቻችን «ከመሮጥ ማንጋጠጥ» ያሉት ሰው ወደ ፈጣሪው እንዲያንጋጥጥ ነው። በእኛ ሙያ ግን ቃሉ እንዳለ፣ በቁሙ ይሠራል፤ ከመነሣት በፊት ቀና ብሎ ሰማዩን ማየት፣ ካዩ በኋላም ላዩት ነገር መታዘዝ።

ስለዚህ ለማኅበራችን አባላት የማሳስበው አንድ ነገር ነው። ከመንገድ ተመልሶ የመጣን አብራሪ «ለምን ተመለስህ» ብሎ ከመጠየቅ በፊት «እንኳን ደኅና ገባህ» ማለትን ልማድ እናድርግ። ተምጫ ሲሞላ ከዳር የሚቀመጠውን መንገደኛ ማንም አይነቅፈውም፤ ወንዙ ጎድሎ ሲሻገር ማዶ ያሉት በደስታ ይቀበሉታል። ፍኖተ ሰላም ማለት የሰላም መንገድ ማለት ነው። ለሰማይ መንገደኛም የሰላም መንገድ አንዳንድ ቀን ወደ ፊት፣ አንዳንድ ቀን ደግሞ ወደ ኋላ ይወስዳል።