ይቺ ቢጫ አበባ አደይ ናት ወይስ መጭ? የኑግ ታሪክ ከሜዳ ይጀምራል

ክረምቱ ወጥቶ ሜዳው ቢጫ ሲለብስ ሁሉንም «አደይ» ብለን እናልፋለን። እኔም ሥራ በጀመርኩበት ዓመት ውሃ ከሚተኛበት ሜዳ አንድ ቢጫ አበባ ቆርጬ «ይሄ አደይ አበባ ነው» ብዬ ሳሳይ፣ አንዲት እናት ሳቅ ብለው «ልጄ፣ ቅጠሉን አላየኸውም እንዴ? ይሄ እኮ መጭ ነው» አሉኝ። ከነዲፕሎማዬ አፈርኩ። ግን ነገሩን ስከታተል ትልቅ ታሪክ አገኘሁበት።

መጀመሪያ መለየቱን እንይ። የአደይ ቅጠል የተሰነጣጠቀና ቀጫጭን ነው። የመጭ ቅጠል ግን ያልተሰነጠቀ፣ ረዘም ያለና ሲነኩት የሚሻክር ነው፤ ጥንድ ጥንድ ሆኖ ያለ እጀታ ግንዱ ላይ ይቀመጣል። ፍሬው ጥቁር ነው፤ አነስ ያለ ኑግ ይመስላል።

መጭ ራሱም ሁለት ዓይነት ነው። የእርሻው መጭ በየዓመቱ ከዘር ይበቅላል፤ ኑግ ማሳ ውስጥ የሚያስቸግረን እሱ ነው። የእርጥብ ሜዳውና የወንዝ ዳሩ ግን ለዓመታት ይኖራል፤ ግንዱ ቢደርቅም ሥሩ መሬት ውስጥ ቆይቶ ዝናብ ሲመጣ ያቆጠቁጣል። ከተጠራጠራችሁ ቆፍራችሁ ሥሩን እዩ፤ ጠንካራና የቆየ ሥር ካለው የሜዳው ነው።

ታሪኩ እዚህ ላይ ነው። ተመራማሪዎች እንደሚሉት ኑግ የመጣው ከእርሻው መጭ ነው። የሁለቱም ክሮሞሶም 30 ነው፤ እርስ በርስም ይዳቀላሉ። የጥንት ገበሬዎቻችን ፍሬው ተለቅ ያለውን፣ ቶሎ የማይረግፈውን እየመረጡ ዘሩ፤ አረም የነበረው የዘይት እህል ሆነ። እ.ኤ.አ. ከ1993 እስከ 1997 አክሱም በተደረገው ቁፋሮ የጥንት የኑግ ፍሬ ተገኝቷል። ከእኛ አገር ወጥቶም ሕንድ ደርሷል፤ እስከ ዛሬ እዚያ ይዘራል።

እ.ኤ.አ. በ1829 አንድ ፈረንሳዊ የዕፅዋት ሊቅ ለኑግና ለመጭ ወገን «ጉይዞቲያ» የሚል ሳይንሳዊ ስም አወጣ፤ ለፈረንሳዊው የታሪክ ጸሐፊ ለጊዞ መታሰቢያ ብሎ። መጭን ኑግ ያደረጉት ገበሬዎች ግን ስማቸው የትም አልተጻፈም። የእነሱ መታሰቢያ በጎተራችሁ ያለው ዘር ነው።

ታዲያ ምን እናድርግ? የእርሻውን መጭ አበባ ሳያወጣ ከኑግ ማሳ ንቀሉት። ኑግ በራሱ ብናኝ ብቻ በደንብ ስለማያፈራ ንብ ከሌላ አበባ ማምጣት አለባት፤ መጭ አጠገቡ ካለ የእሱንም ታመጣለች፣ ዘራችሁም እየተደባለቀ ይሄዳል። ለዘር የምታስቀምጡትን ኑግ በወንፊት ለዩ፤ የመጭ ፍሬ አነስ ስለሚል ይወርዳል።

የሜዳውን መጭ ግን ከነሥሩ አታጥፉት። ለንብ ጥሩ ቀሰም ነው። ነገ ኑግን አዲስ በሽታ ቢያጠቃው ደግሞ መድኃኒቱ የሚፈለገው ከዱር ዘመዶቹ ነው። ሜዳው ሁሉ ታርሶ ካለቀ ከየት እናመጣዋለን?

በሰፈራችሁ ቢጫ አበባ ስታዩ ቅጠሉንና ሥሩን ጭምር ፎቶ አንስታችሁ አሳዩኝ፤ አብረን እንለያለን። መልካም የሥራ ጊዜ!