የቅኔ ቤት ስያሜዎች

በዘመናዊው ትምህርት ቤት የሥነ ጽሑፍ ስያሜዎች ሲነሱ ተማሪው አስቀድሞ የሚያገኘው ከውጭ የመጡትን ነው። አገሩ ግን የራሱ የመተንተኛ ቋንቋ ነበረው፤ ያዳበረውም የቅኔ ጉባኤ ነው። በጎጃም፣ በዋድላና በጎንደር ቅኔ ቤቶች ተማሪው ግስና አገባብ እያጠና ከባለ ሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃና ተነስቶ እስከ መወድስ ይዘልቃል። ገለል ብሎ ቅኔ ይቆጥራል፤ ከዚያ ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም ያርማል። ስያሜን ግድ ያደረገው ይህ እርማት ነው፤ ጉድለቱ በስሙ ካልተጠራ ማቃናት ይቸግራልና። ከስያሜዎቹ አንዱ የሆነው ሰምና ወርቅ ከአንጥረኛ ሙያ የተወሰደ ነው፦ በሰም የተሠራው ቅርጽ በጭቃ ይለበጣል፤ ሰሙ ቀልጦ ሲወጣ ወርቁ በቦታው ይፈሳል። በቅኔውም ሰሙና ወርቁ ጎን ለጎን ይሰለፋሉ። ኅብር ግን አንድ ቃል ሁለት ፍቺ ሲሸከም ነው፤ "ስሙ" መጠሪያውንም "አድምጡ" ማለትንም እንደሚይዝ። ውስጠ ወይራ ደግሞ ወርቁን ሰውሮ ፍለጋውን ለአድማጩ ይተዋል።

"ይህ የግእዝና የቤተ ክህነት ጉዳይ ነው" የሚል ይኖራል። ስለ ምንጩ እውነት አለው፤ ሆኖም አዝማሪውም አልቃሹም በአማርኛ በዚሁ ብልሃት ሲጠቀሙ ኖረዋል። ሶሺዮሎጂስቱ ዶናልድ ሌቪንም በ1965 እ.ኤ.አ. ስለ አማራ ባህል ያሳተመውን መጽሐፍ "ሰምና ወርቅ" ያለው ስያሜው ከቅኔ ቤት አልፎ የኅብረተሰቡን አነጋገር ስለሚገልጽለት ነው። ሌላው "ስያሜዎቹ ሁሉንም ዘይቤ አይሸፍኑም" ይላል። ልክ ነው፤ ለልቦለድና ለተውኔት ሌሎች ያስፈልጋሉ። ግን ጎደሎን መሙላት ያለውን መጣል አይደለም። መምህራን ሆይ፣ ተለዋጭ ዘይቤን ስታስተምሩ ኅብርንና ውስጠ ወይራንም አብራችሁ አስተምሩ።