ከኮሎኖስኮፒ በኋላ የሚመጣ የግራ ትከሻ ሕመም

ኮሎኖስኮፒ (ትልቁን አንጀት በመሣሪያ ከውስጥ የማየት ምርመራ) የተደረገለት ሰው ወደ ቤቱ ሲሸኝ የሚሰጠው ማሳሰቢያ በአብዛኛው አንጀቱን የሚመለከት ነው። ደም ከታየ፣ ሆድ ከተነፋ ወይም ትኩሳት ከመጣ ቶሎ እንዲመለስ ይነገረዋል። ጣፊያ ግን እምብዛም አይነሳም።

ምርመራው ጣፊያን ሊጎዳ እንደሚችል ለመጀመሪያ ጊዜ የተዘገበው በ1974 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ ወዲህ ከ100 በላይ ሕሙማን በሕክምና ጽሑፎች ተመዝግበዋል። አደጋው ብርቅ ነው፤ በታወቁት ግምቶች መሠረት ከ10 ሺህ ምርመራ 2 እንኳ አይሞላም። ምርመራው የአንጀት ካንሰርን በጊዜ በመያዝ የሚያተርፈው ሕይወት ከዚህ እጅግ ስለሚበልጥ፣ ፍርሃት ማንንም ከምርመራ ሊያስቀር አይገባም።

ትልቁ አንጀት በግራ ጎድን ሥር በሚታጠፍበት ቦታ ከጣፊያ ጋር በጅማት ይያያዛል። ሐኪሙ በአንጀት ውስጥ የተጠማዘዘውን መሣሪያ ለማቃናት ሲስብ ጅማቱ ይወጠርና የጣፊያውን ስስ ሽፋን ሊቀድ ይችላል። በቀድሞ ቀዶ ሕክምና ምክንያት የተጣበቀ አካል ካለ ደግሞ ጉተታው ይብሳል። ደሙ አንዳንዴ ከሽፋኑ ሥር ተጠራቅሞ ይቆይና ከቀናት በኋላ ወደ ሆድ ዕቃ ይፈሳል። ድያፍራምን (ደረትንና ሆድን የሚለየውን ጡንቻ) ሲያስቆጣው ሕመሙ በነርቭ በኩል ግራ ትከሻ ላይ ይሰማል። ታማሚው «ብርድ መቶኝ ነው» ብሎ ሊተኛ የሚችለው እዚህ ላይ ነው።



አዲስ አበባ፣ ካዛንቺስ ዘመድ ቤት ያረፈ ታማሚ ሌሊት ሕመሙ ቢጠናበት የሚሮጠው ምርመራውን ወደሠራለት ሐኪም ላይሆን ይችላል፤ ቂርቆስ ውስጥ ዘውዲቱ መታሰቢያ ሆስፒታል ይቀርበዋል። ተረኛው ሐኪም ስለ ኮሎኖስኮፒው ካልሰማ የትከሻውን ሕመም ከጣፊያ ጋር ለማያያዝ ይቸገራል። ስለዚህ የምርመራው ቀንና «ግራ ትከሻ» የሚለው ቃል በመሸኛው ወረቀት ላይ በአማርኛ ሊጻፉ ይገባል።

በአገራችን ጉዳዩ ሌላም ገጽ አለው። ተደጋጋሚ ወባ፣ በመተማና በሁመራ የሚታወቀው ካላዛር፣ እንዲሁም ቢልሃርዚያ ጣፊያን ያሳብጣሉ፤ ያበጠ ጣፊያ ደግሞ ለጉዳት ከሚያጋልጡ ምክንያቶች አንዱ ነው። መሣሪያው ከመግባቱ በፊት የግራውን ጎድን ሥር በእጅ መዳሰስ ደቂቃ አይፈጅም።

ጥርጣሬ ሲኖር በደም ሥር በሚሰጥ ማቅለሚያ የሚነሳ ሲቲ ስካን ጉዳቱን በግልጽ ያሳያል። የደም ግፊቱ ያልወረደ ታማሚ ሆስፒታል ተኝቶ በቅርብ ክትትል ሊድን ይችላል፤ ደሙ ካልቆመ ግን ጣፊያው ይወጣል። ጣፊያ የሌለው ሰው በሳንባ ምች ባክቴሪያና በወባ ክፉኛ ሊጠቃ ስለሚችል፣ ክትባት ያስፈልገዋል፤ ወደ ቆላ የሚመለስ ከሆነ ደግሞ አጎበርም ያስፈልገዋል፤ ትኩሳት በያዘው ዕለትም ሳያድር ጤና ጣቢያ መሄድ አለበት።