ዘር ማጥፋትን ለልጆቻችን ማን ያስተምራል? በማንስ ገንዘብ?

«የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» ይላል ያገራችን ሰው። ነገር ግን የተወጋውም በጊዜው ያልፋል። ከእርሱ በኋላ ትምህርት ቤት ካላስታወሰ ማን ያስታውሳል? በሎስ አንጀለስ ለምንኖር ኢትዮጵያውያን ይህ ጥያቄ የቅርብ ጥያቄ ነው፤ ልጆቻችን የሚያድጉበት ግዛት መልሱን በሕግና በበጀት ሰጥቷልና።

በአውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ በዌስትቼስተርም ሆነ በፌርፋክስ ጎዳና አካባቢ በመንግሥት ትምህርት ቤት የሚማር ልጅ ከ7ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ባለው ጊዜ ስለ ዘር ማጥፋት፣ ስለ ባርነትና ስለ ሆሎኮስት እንዲማር የካሊፎርኒያ የትምህርት ሕግ ይደነግጋል። ሕጉ ከሆሎኮስት ሌላ የአርመንን፣ የካምቦዲያን፣ የሩዋንዳንና የጎረቤታችንን የዳርፉርን እልቂት በስም ይጠራል። የፌዴራሉ መንግሥትም እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው ሕግ በዋሽንግተን የሚገኘው የሆሎኮስት ቤተ መዘክር ለሚሠራው የትምህርት ሥራ በ5 ዓመት 10 ሚሊዮን ዶላር ፈቅዷል።

ይህ በጀት ከሰማይ የወረደ መና አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1961 በሆሊውድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ሲማሩ የተገናኙ ከናዚ እልቂት የተረፉ ሰዎች በእጃቸው የቀረውን ፎቶግራፍና ሰነድ አሰባስበው ቤተ መዘክር መሠረቱ። ቤተ መዘክሩ ከብዙ ዓመታት መንከራተት በኋላ እ.ኤ.አ. በ2010 ከፌርፋክስ ብዙ በማይርቀው የፓን ፓሲፊክ መናፈሻ የራሱን ሕንፃ ከፈተ። ምስክሮቹ ቀደሙ፤ ሕጉና ገንዘቡ ተከተሉ።

በዚያው ዓመት፣ በ2002 ዓ.ም. መሆኑ ነው፣ በአዲስ አበባ መስቀል አደባባይ አጠገብ የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ቤተ መዘክር ተከፈተ። እርሱንም ለዚህ ያበቁት ከእልቂቱ የተረፉና የሟቾች ቤተሰቦች ናቸው። የእኛም ምስክሮች ቀድመዋል ማለት ነው።

ሕግስ ጠፍቶን ነውን? አይደለም። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ፋሺስት ኢጣልያ በአዲስ አበባ ያፈሰሰው ደም ገና ባልደረቀበት ዘመን፣ የተባበሩት መንግሥታትን የዘር ማጥፋት ስምምነት ከዓለም አገሮች ሁሉ ቀድማ ያጸደቀችው ኢትዮጵያ ነበረች፤ ቀኑም ሰኔ 24 ቀን 1941 ዓ.ም. ነው። የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ በአንቀጽ 281 ከስምምነቱ አልፎ ሄደ፤ ለብሔር፣ ለዘርና ለሃይማኖት ወገኖች ብቻ ሳይሆን ለፖለቲካ ቡድኖችም ጥበቃ ሰጠ። ከ12 ዓመት ክርክር በኋላ ታኅሣሥ 3 ቀን 1999 ዓ.ም. ፍርድ ቤት ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያምን በሌሉበት በዘር ማጥፋት ወንጀል ጥፋተኛ ያደረገው በዚህ ሕግ ነው።

እዚህ ላይ የቋንቋችን ወጥመድ አለ። «ዘር ማጥፋት» ስንል ጆሯችን የሚሰማው «ዘር» የሚለውን ነው። የቀይ ሽብር ሟቾች ግን የልዩ ልዩ ብሔር ልጆች ነበሩ፤ የተገደሉት በፖለቲካ አቋማቸው ነው። ይህን ያልተማረ ትውልድ ቃሉን እንደ ስድብ ይወራወረዋል። የተማረ ትውልድ ግን ማስረጃው የታለ፣ የማጥፋት ሐሳቡስ በምን ተረጋገጠ ብሎ ይጠይቃል።

እንግዲህ አገር ቤት ያለው መንግሥት በጀት ይመድብ ማለት ብቻ ይበቃልን? አይበቃም። በእኛ አገር ከሣጥኑ ቁልፍ ጋር ብዕሩም አብሮ ይያዛል። ደርግን ለፍርድ ያቀረበው ኢሕአዴግ ራሱ ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ ያስተኮሰውን ጥይት አስታውሱ፤ አጣሪ ኮሚሽኑ 193 ሲቪሎች መገደላቸውን መዝግቧል። ያ ግድያ በሕግ ዓይን ዘር ማጥፋት አይደለም፤ ነገር ግን የቀደመውን ወንጀል የሚያስተምር መንግሥት የራሱን ሊሰውር እንደሚችል ያሳያል። ሚያዝያ 2016 ዓ.ም. የሚኒስትሮች ምክር ቤት የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ አጽድቋል። ከፖሊሲው የሚጠበቀው ፈተና ይህ ነው፦ ለትምህርት ቤቶች የሚመደብ ገንዘብ ይኖራል ወይ? ካለስ ይዘቱን የሚወስነው የወቅቱ ገዥ ነው ወይስ ነጻ የሆነ የታሪክ ተቋም?

እስከዚያው በዚህ ከተማ የምንኖር ወላጆች እጃችንን አጣጥፈን መቀመጥ የለብንም። እ.ኤ.አ. በ2002 የከተማው ምክር ቤት ሰፈሩን ሊትል ኢትዮጵያ ብሎ ሲሰይም ስማችን በአደባባይ ተጻፈ። ታሪካችን ግን ገና ወደ ክፍል አልገባም። እ.ኤ.አ. በ2024 ካሊፎርኒያ ለመምህራን የሆሎኮስትና የዘር ማጥፋት ትምህርት የትብብር መርሐ ግብር በሕግ አቋቁማለች፤ በሩ ክፍት ነው። ፍርዱን በእንግሊዝኛ አሳጥረን ለልጆቻችን መምህራን እናድርስ፤ ከቀይ ሽብር የተረፉ በመካከላችን ያሉ አረጋውያንም በሕይወት ሳሉ ቃላቸውን እንቅረጽ። በጀት ምስክርን ይከተላል፤ ያለፈን ምስክር ግን በጀት አያስነሣውም።